ሽሮው አለቀ?

እናንተ ቤት ነቀዝ አለ? የለም እንዳትሉኝ። «የለም» የሚል ባለ መጋዘን ስንቱን አይቻለሁ። ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ በሩ ላይ ይቆምና «እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር አይታሰብም» ይላል። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚቀበለን እህሉ ሳይሆን እህሉን የሚበላው ነው። ያኔ ሰውየው ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? «ይሄ ከጎረቤት የመጣ ነው» ይላል። በሥራ ዘመኔ ከጎረቤት ያልመጣ ነቀዝ አጋጥሞኝ አያውቅም። ጎረቤቱ ዘንድ ስንሄድ ደግሞ ከወዲያኛው ጎረቤት መጣ ይለናል። እንዲህ እያልን ብንከታተለው ሀገሩን ጨርሰን ባሕር ሳንደርስ አንቀርም።

ይህን የማወራችሁ በሰው ልስቅ አይደለም። ተራዬ ደርሶ እኔው ራሴ በራፌ ላይ ቆሜ «እኔ ዘንድ አይታሰብም» ያልኩበትን ጉድ ልነግራችሁ ነው።

ሥራዬ ነቀዝ መቁጠር ነው። እናቴ ለጎረቤት ስታወራ «ልጄ ሐረር ትልቅ መሥሪያ ቤት ገብቷል» ትልና እዚያው ታቆማለች። ምን እንደሚሠራ ከጠየቋት ወሬ ትቀይራለች። አልፈርድባትም። ነገሩ ግን የሚመስለውን ያህል ተራ አይደለም። ከሸዋ በር ወጣ ብሎ ባለው የምግብ መጋዘን ውስጥ፣ በየጥጉ፣ ትንሽ ጎጆ የምትመስል የወረቀት ወጥመድ እናስቀምጣለን። ወለሏ ሙጫ ነው። መሃሏ ላይ የሴቷን ብል ጠረን አስመስለው የሠሩት፣ ምስር የምታህል ነገር አለች። ብል ያልኳችሁ ያቺን ምሽት ላይ አምፖል ሥር የምትንቀዋለለውን፣ ክንፏ ግማሹ ነጣ ግማሹ ዳማ የሆነውን ትንሽ የእሳት ራት ነው። እህሉን የሚበላው ትሏ ነው። ወንዱ ያንን ጠረን ከሩቅ ይሰማና ሥራውን ሁሉ ጥሎ ይመጣል። ሲደርስ ሴት የለችም። ያለው ሙጫ ነው።

እኛ ደግሞ የተያዘውን ቆጥረን በመጋዘኑ ካርታ ላይ እናሰፍራለን። ብዙ የተያዘበትን አካባቢ በቀይ እርሳስ እናከብበዋለን፤ ክቡ እየጠበበ የሚሄድበት ቦታ ላይ ምንጩ አለ። ወይ የተረሳ ጆንያ ነው፣ ወይ ከመደርደሪያ ሥር የተደፋ ዱቄት። «ሰው ይዋሻል፤ ካርታ አይዋሽም» እላለሁ፣ ለአዲስ ሠራተኞች ሳስተምር። ጣቴን ቀስሬ ነው የምለው።

የምኖረው በግንብ በታጠረው ጁገል ውስጥ፣ ከፈላና በር ገባ ብሎ፣ አዴ ሩቂያ ግቢ ተከራይቼ ነው። አዴ ሩቂያ ባላቸውን ቀብረው፣ ልጆቻቸውን ድረው ብቻቸውን የቀሩ ሐረሪ ናቸው። ግቢያቸው ላይ የሚወድቀውን ቅጠል ሁሉ በስሙ የሚጠሩ ይመስለኛል። በበሩ በኩል ያለውን መደብር ደግሞ ጀማል ተከራይቶታል። ጀማል ከዙሪያው ገጠር ማሽላና ለውዝ እያመጣ የሚነግድ፣ ከሰዓት በኋላ ጉንጩ ጫት ወጥሮት ፍልስፍና የሚናገር ሰው ነው። ግቢው ውስጥ ያለነው እኛው ሦስታችን ነን። አራተኛዋ መሆን የነበረባት ባለቤቴ ነበረች።

ባለቤቴ ማስተዋል ደብረ ታቦር አስተማሪ ናት። ዝውውር መጠየቅ ከጀመርን ከርመናል። ለእሷ እዚህ ቦታ ሲገኝ እዚያ የሚተካት ይጠፋል። የሚተካት ሲገኝ እዚህ ያለው ቦታ ተይዟል። የእኔ ደግሞ ይብሳል፤ «ነቀዝ ቆጣሪ በቂ አለን» ይሉኛል። ስለዚህ ትዳራችን በአውቶብስ ተጭኖ የሚመላለስ ትዳር ሆነ። እሷ ሽሮ ትልካለች፤ እኔ የባቢሌ ለውዝ እልካለሁ። ሽሮውን ራሷ ቆልታ፣ ራሷ ቀምማ፣ ወፍጮ ቤት ቆማ አስፈጭታ ነው የምትልከው። ለውዙንም ከጀማል እገዛና ራሴ እቆላዋለሁ። ስቆላ ሐሳብ ስለሚወስደኝ ግማሹ ያራል። ያረረውን ሳልለይ ነው የምልከው።

መጀመሪያ ላይ በስልክ ስናወራ ባትሪው ነበር የሚያቆመን። ስለ ተማሪዎቿ፣ ስለ አለቃዬ፣ ስለ ዶሮዋ፣ ስለ ምንም ነገር እናወራ ነበር። እየቆየ ወሬው ሟሸሸ። አሁን አሁን እንዲህ ሆነ፦

«ሽሮው አለቀ?»

«አለቀ። ጣት ያስቆረጥማል! ለውዙስ?»

«ተማሪዎቼ ተረባርበው ጨረሱት።»

«ጥሩ። ደህና እደሪ።»

«ደህና እደር።»

ባለፈው ደግሞ ለግማሽ ዓመቱ እረፍት ትመጣ እንደሆነ ስጠይቃት «እንጃ፤ መንገዱም አድካሚ ነው» አለችኝ። እኔ ያንን «እንጃ» ይዤ ስንት ቀን ዞርኩ። መንገዱ እኮ ዱሮም አድካሚ ነበር። ዱሮ አቧራዋን ሳታራግፍ ነበር የምትስቅልኝ። የሰለቸኋት መሰለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ።

ወደ ነቀዙ ልመለስ። አንድ ቀን አዴ ሩቂያ የአፎቻ ጓደኞቻቸውን ጋብዘው ነበር። አፎቻ በሀዘንም በደስታም የሚረዳዱበት ማኅበራቸው ነው፤ በአፎቻ ፊት መዋረድ በሀገር ፊት መዋረድ ነው። ሴቶቹ በቀይ አፈር የተለሰነው፣ ነደባ በሚሉት መደብ ላይ በየማዕረጋቸው ተደርድረው ተቀምጠዋል። ግድግዳው በስፌት ተሸፍኗል። ታዲያ አንዲት ብል ከየት እንደመጣች ሳይታወቅ ስትንቀዋለል ቆይታ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መርጣ፣ የአፎቻዋ ትልቅ ሴትዮ ሻይ ውስጥ ገባች።

እንግዶቹ እንደሄዱ አዴ ሩቂያ በሬን አንኳኩ።

«አንተ ልጅ፣ የነቀዝ ሐኪም አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ፣ አዴ።»

«ታዲያ እኔን በጓደኞቼ ፊት እንዲህ ታዋርደኛለህ? ሱብሃነላህ! የመንግሥት እህል እየጠበቅህ የኔ ቤት ይበላ?»

«አዴ፣ ምንጩን አገኘዋለሁ። ቃሌ ነው።»

«ኢንሻአላህ በል!»

«ኢንሻአላህ።»

በማግስቱ ትርፍ ወጥመዶች ይዤ መጣሁ። በግቢው ዙሪያ፣ በመደብሩ አጠገብ፣ በአዴ ሩቂያ ጓዳ፣ ማድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሰቀልኩ። ክፍሌ ውስጥ አልሰቀልኩም። ሐኪም ራሱን አይመረምርም። ከዚህ ሌላ፣ የእኔ ክፍል ንጹሕ መሆኑን እኔው አውቃለሁ፤ አዴ ሩቂያ ምሳ ካልጠሩኝ የምበላው ሆቴል ነው።

አዴ ሩቂያ ወረቀቷ ምን እንደምትሠራ ሲጠይቁኝ ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም፣ በዝርዝር አስረዳኋቸው። ሴቷ እንደምትሸት፣ ወንዱ ብቻ እንደሚመጣ፣ ከመጣም በኋላ እንደማይሄድ። እሳቸው ለአፎቻ ነገሩ። አፎቻ ለሰፈሩ ነገረ። በሁለተኛው ቀን ሻያቸው ውስጥ ብል የገባባቸው ትልቋ ሴትዮ ራሳቸው መጡ።

«ወንድ የምትጠራው ወረቀት አንተ ዘንድ ናት አሉኝ።»

«እማማ፣ እሷ እኮ—»

«ሴት ልጅ አለችኝ። ምንጣፉ ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ ተሰቅሎ ስንት ዘመኑ!» አሉ። በሐረሪ ቤት ያ ምንጣፍ ሲታይ እዚህ ቤት ያላገባች ልጅ አለች ማለት ነው። «ከምንጣፉ አጠገብ ብሰቅላት ጉዳት አላት?»

«እማማ፣ ይህች የምትጠራው ብል ብቻ ነው።»

ሴትዮዋ ጥቂት አሰቡና «እስካሁን የመጡትስ ከብል መች ተሻሉ!» አሉ። ምን ብዬ እከለክላለሁ? አንዷን ሰጠኋቸው። ሌላ ሴት ደግሞ «ባሌ ከጫት በርጫው ቶሎ እንዲመለስልኝ» ብላ አንዷን ወሰደች። የዚያችኛዋ ውጤት እስከ ዛሬ አልተነገረኝም።

ወጥመዶቹን ስቆጥር መደብሩ አጠገብ ያለችው ብዙ ይዛለች። አንድ ቆጠራ ብቻ ይዞ መፍረድ እንደማይገባ ለሠራተኞች ሁሉ ያስተማርኩ እኔ፣ ቀጥ ብዬ ጀማል ዘንድ ሄድኩ።

«ጀማል፣ ብሉ ያንተ ነው።»

«የኔ? ዋሪያ፣ እኔ ማሽላ እንጂ ብል አልሸጥም!»

«ካርታ አይዋሽም።»

«አቦ ተው! ካርታ ማሽላ ያውቃል?»

ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ «ለጉርብትና ስል» ብሎ ጆንያዎቹን እያወጣ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ አሰጣ። ብል ሊገኝ ቀርቶ ሽታዋም የለም። በዚህ መሃል የሰፈሩ ፍየሎች ተጠራርተው መጡ። ጀማል አንዷን ሲያባርር አራቷ ይበላሉ፤ እኔ ላግዝ ስል እህሉን ረጋገጥኩት። አዴ ሩቂያ መስኮት ላይ ሆነው «ያ ረቢ! ያ ረቢ!» ይላሉ። ጀማል በመጨረሻ ጆንያውን ትከሻው ላይ ሰቅሎ ሲመለስ እኔን አላየኝም። አይቶኛል፤ ግን አላየኝም።

እኔ ግን መች ተማርኩ! ቀጥዬ የሄድኩት አዴ ሩቂያ ጓዳ ነው። ጓዳው ውስጥ ከእናታቸው የወረሱት ትልቅ ጋን አለ፤ ለመውሊድ የሚሆን ማሽላ ይቀመጥበታል።

«አዴ፣ ይህን ጋን ብናየው ምን ይመስልዎታል?»

«የእናቴን ጋን?»

«ለሥራው ነው።»

ክዳኑን አነሡልኝ። እጄን እስከ ብብቴ ከትቼ ታች ድረስ ቆፈርኩ። ማሽላው ትናንት የተወቃ ይመስላል። እጄን ሳወጣ አዴ ሩቂያ ውኃ አምጥተው አስታጠቡኝ። የዚያን ቀን ምሳ ሳይጠሩኝ ቀሩ። በማግስቱም ሳይጠሩኝ ቀሩ። ይቅርታ ልጠይቅ ስል «ሥራህን ሥራ፣ ልጄ» አሉኝ። «ልጄ» የምትለው ቃል እንደዚያን ቀን ቀዝቅዛ አታውቅም።

በዚያው ሰሞን ማስተዋል ደወለች። ሽሮው አለቀ፣ ለውዙ አለቀ ተባብለን ልንዘጋ ስንል፦

«ስማ፣ እኔም ቤት ትንንሽ የእሳት ራት በዝቷል። ምሽት ላይ አምፖሉን ይከቡታል። ምን ላድርግ?»

ከስንት ጊዜ በኋላ ምክሬን መጠየቋ ነው። ደረቴ ተነፋ። ደግሞ ሌላ ወሬ ስላላገኘን ይችን ማስረዘም ፈለግሁ። ድምፄን አጎርንኜ የአንድ ሙሉ ሥልጠና ያህል አስተማርኳት። «ማስተዋል፣ ዋናው ነገር ምንጩን መፈለግ ነው። አንድ ሰው የሆነ ቦታ አሮጌ እህል ደብቋል። አንቺ ቤት ደግሞ ከሌላ ከማንም አይመጣም፣ ከዚያች ከጎንሽ ካለችው ተከራይ ነው። ባቄላ ታከማቻለች አላልሽኝም? እንድታወጣ ንገሪያት።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«በሙያዬ!»

እንግዲህ እዚህ ቆሜ፣ ደብረ ታቦር ያለ ያላየሁትን ቤት መርምሬ፣ «ከጎረቤት የመጣ ነው» አልኩ። ስዘጋው ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ አውርተናል።

በዚህ ሁሉ መሃል አንድ ሌላ መዘዝ መጣ። ያቺን ምስር የምታህለውን የጠረን ፍሬ ሸሚዝ ኪሴ ውስጥ ረስቻት ለካ ስዞር ሰንብቻለሁ። ጠረኗ አንዴ ጨርቅ ከገባ ቶሎ አይለቅም። ፀሐይ ጠለቅ ስትል ግቢው ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ብሎቹ ደረቴ ላይ መሰብሰብ ጀመሩ። ሳባርራቸው ዞረው ይመጣሉ። ክንፋቸውን እያርገበገቡ ኪሴን ይዞራሉ።

ጀማል ኩርፊያውን ረስቶ ከመደብሩ ወጣ። «ዋሪያ! ሙሽራ ሆንክ እንዴ? አጃቢ አበዛህ!»

አዴ ሩቂያም መጡ። «ምን ፈልገው ነው?»

«ሴት ያለች መስሏቸው ነው፣ አዴ።»

«የታለች?»

«የለችም። ሽታዋ ነው ያለው።»

አዴ ሩቂያ ብሎቹን አዩ። እኔን አዩ። «ሚስኪን!» አሉ። ለብሎቹ ይሁን ለእኔ አልጠየቅኋቸውም።

ወደ ክፍሌ ገብቼ ሸሚዜን አወለቅሁና በዚያው ቁጭ ብዬ ካርታውን ሠራሁ። ያለፈ ዓመት የግድግዳ ካሌንደር ገልብጬ ግቢውን ሣልኩበት፤ በሩ፣ መደብሩ፣ ጓዳው፣ ማድ ቤቱ፣ ሁሉም በየቦታው። የእኔን ክፍል ነጭ ተውኳት። ቁጥሮቹን አሰፈርኩ። ከዚያ ቀዩን እርሳስ አንሥቼ ክብ መሥራት ጀመርኩ። ከበሩ በኩል የመጣው መስመር በመደብሩ ጥግ ዞሮ ወደ ውስጥ ገባ። ከጓዳው የመጣው በማድ ቤቱ ዞሮ ወደ ውስጥ ገባ። ሁለተኛው ክብ ጠበበ። ሦስተኛው ይበልጥ ጠበበ። መጨረሻ ላይ ሁሉም ያቺን ነጯን ክፍል ከበቧት።

አጠፋሁት። እንደገና ሠራሁት። አሁንም ከበባት። መደብሩ አጠገብ ያለችው ወጥመድ ለካ ከጀማል ይልቅ ለእኔ መስኮት ትቀርባለች። ታዲያ ምን አልኩ መሰላችሁ? «ካርታው ተሳስቷል!» አልኩ። ብቻዬን ተቀምጬ፣ ጮክ ብዬ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። ምናልባትም ከጎረቤት የመጣ ይሆናል ብዬ ሁሉ አሰብኩ። ጎረቤቶቼን ግን አንድ በአንድ መርምሬ ጨርሻለሁ።

ካርታውን የካድኩት አልጋዬ ሥር ምን እንዳለ ስለማውቅ ነበር።

አልጋዬ ሥር ሽሮ ነበር። የማስተዋል ሽሮ። ሁሉም። አለቀ ያልኩት፣ ጣት ያስቆረጥማል ያልኩት፣ ከመጀመሪያዋ ፌስታል በቀር አንዷም ድስት ሳትገባ እዚያው ተደርድራለች። መጀመሪያዋን አንድ ቀን ሠርቼ ነበር። ድስቱ ሲንተከተክ ቤቱ ሁሉ እሷን እሷን ሸተተ። ቅመሟ፣ የድንብላሏ ነገር፣ ያ እሷ የምታበዛው ነጭ ሽንኩርት። «ጨው ይበቃዋል?» ልላት ዞር አልኩ። አልነበረችም። ግድግዳ ነው ያለው። ድስቱን ሳልቀምስ ከድኜ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሆቴል መብላት ጀመርኩ። ሽሮው ሲመጣ አልጋዬ ሥር አስገባዋለሁ። ስትጠይቀኝ አለቀ እላታለሁ። አላለቀም ብላት የእጇን ሥራ የናቅሁባት ይመስላታል። አለቀ ስላት ደግሞ ይበልጥ ታበዛዋለች።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምንም አይደለም። በደንብ የታሰረ ፌስታል ውስጥ ብል በቀላሉ አይገባም፤ ይህንን በሥልጠና አስተምራለሁ። ነገር ግን አልፎ አልፎ፣ ሲብስብኝ፣ በተለይ ከዚያች «እንጃ» በኋላ፣ እየፈታሁ አሸትተው ነበር። ትንሽ እቆያለሁ። መልሼ አስረዋለሁ። አንዳንዴ ማሰሩን እረሳዋለሁ። ያኔ ደግሞ ከሥራ ስመጣ እጄም ሸሚዜም ሴቷን ብል ይሸታል፤ ወንዱ ተከትሎኝ ሲገባ ሴቷም አልቀረች። ብሉን ያስገባው ማን ነው ብትሉ፣ እኔው ነኝ።

በማግስቱ አዴ ሩቂያንና ጀማልን ጠራኋቸው። እነሱን ነው የከሰስኩት፤ በእነሱ ፊት ነው መክፈት ያለብኝ። ተንበርክኬ ፌስታሎቹን ሳወጣ አንዷ ተፈታችና ብሉ እንደ ጢስ ተነሣ። ሽሮው ላይ ትሎቹ ድር አድርተውበታል። እኔ በሥራዬ ከዚህ የባሰ ብዙ አይቻለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን ዓይኔ አላቃጠለኝም።

ጀማል ፌስታሎቹን ቆጠረ። ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች! ወላሂ፣ ያን ሁሉ ማሽላ ለፍየል ያበላሁት ላንተ ሽሮ ነው?»

አዴ ሩቂያ አልሳቁም። ጎንበስ ብለው ካንዷ ቆንጥረው አሸተቱ። «ጥሩ እጅ አላት። ለምን አልበላኸውም?»

«ካለቀ ሽታዋም ያልቃል ብዬ ነው፣ አዴ።»

ጀማል ሳቁን አቆመ። ፊቱን አዙሮ ወደ ውጭ ተመለከተ። አዴ ሩቂያ ደግሞ ነጠላቸውን አጥብቀው «ያንን ወረቀትህን የኔ ግድግዳ ላይ ስትሰቅል ወንዱ ሁሉ ሞኝ ነው ስትለኝ አልነበር?» አሉ። «በል ተነሥ፣ ደውልላት። ያለውን እንዳለ ንገራት። ከዚያ መጥተህ ምሳ ትበላለህ።»

ደወልኩ። ፍርሃቴ ምን ነበር? ይህ ሁሉ ልፋቷ በብል ተበላ ብዬ ስነግራት፣ ያቺ «እንጃ» ጭራሽ «አልመጣም» እንዳትሆን ነበር።

«ማስተዋል፣ አንድ ነገር ልንገርሽ።»

«ሽሮው አለቀ?»

«አላለቀም።»

«የትኛው?»

«ሁሉም።»

«ምን?» አለች። ከዚያ መጣችብኝ። «እኔ እኮ ከትምህርት ቤት መጥቼ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ እሳት ላይ ቆሜ እየቆላሁ ነው! ጣት ያስቆረጥማል ያልከኝስ?»

«ውሸቴን ነው።»

«ለምን?»

ነገርኳት። ድስቱን ነገርኳት፣ ዞር ማለቴን ነገርኳት፣ እየፈታሁ ማሽተቴን ነገርኳት። ናፈቅሽኝ አልኳት። ይቺን ቃል ከተናገርኩ ምን ያህል እንደቆየሁ የታወቀኝ ከአፌ ስትወጣ ነው። «አሁን ግን ብል በልቶታል» ብዬ ጨረስኩ።

ኔትወርኩ የተቆረጠ መስሎኝ «ሃሎ? ሃሎ?» አልኩ።

«አለሁ።» ድምፅዋ ተለውጧል። «ምንጩን ፈልጊ ብለኸኝ ነበር አይደል?»

«የምኑን?»

«የኔን ቤት ብል። ያቺ ጎረቤቴ ባቄላዋን አንድ በአንድ ዘርግፋ አሳየችኝ። ንጹሕ ነው። እስካሁን አታናግረኝም። ምንጩ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ነው።»

«ምን አለ ቁም ሣጥንሽ ውስጥ?»

«ለውዝ።»

«የትኛው?»

«ሁሉም።»

አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። «ተማሪዎቼ ጨረሱት ያልሽኝስ?»

«ምን ተማሪ! ለማንም አልሰጠሁም። ያረረውን እንኳ አልጣልኩም።» ሳቀች፤ ስቃ ሳትጨርስ ደግሞ አፍንጫዋን ሳበች። «ባለፈው እንጃ ያልኩህ እኮ አንተ የሰለቸሁህ መስሎኝ ነው። አለቀ ትለኛለህ፣ ትዘጋለህ።»

እኔ የመጋዘኑን ጥግ ሁሉ አውቃለሁ ባይ፣ ይህን አላወቅሁም። ዝም ብዬ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ቆየሁ። እሷም ዝም ብላ ቆየች። ያን ያህል የሚጥም ወሬ ካወራን ስንት ዘመናችን!

«ወንፊት አለህ?» አለችኝ በመጨረሻ።

«የለኝም።»

«ለእረፍቱ ይዤ እመጣለሁ። እስክመጣ እንዳትደፋው።»

ሙያዬ የሚያዘው እንዲህ ያለ ነገር በዚያው ቀን ከግቢ ወጥቶ እንዲቃጠል ነው። ስንቱን ባለ መጋዘን አቃጥል ብዬ አስቃጥያለሁ። አሁን ግን ሽሮው በድርብ ፌስታል ታስሮ ጀማል ባዋሰኝ በርሜል ውስጥ፣ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ተጭኖበት ተቀምጧል። አዴ ሩቂያ ለአፎቻ «እንግዳ ልትመጣልን ነው» ብለው ተናግረዋል። ጀማል ሸዋ በር ደርሶ በመጣ ቁጥር «ዋሪያ፣ ከአውቶብስ አልወረደችም?» ይለኛል፤ እረፍቱ ገና መሆኑን እያወቀ።

የግቢውን ወጥመዶች ሰብስቤ ወደ መሥሪያ ቤት መለስኩ። ትናንት ፀሐይ ስትጠልቅ ግን በር ላይ ቆሜ ሳለሁ አንድ የቀረ ብል መጥቶ የዚያኑ ሸሚዝ ኪስ ይዞር ጀመር። ዱሮ ቢሆን እመታው ነበር። «የኔዋ ትመጣለች» አልኩት፤ በሩንም ለሁለታችን ክፍት ተውኩት።